የኔታ የገዛ ድምፃቸውን ያረሙበት ዓርብ

ባለፈው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ... ደክሞኝ ወንበሬ ላይ ዘፍ ከማለቴ ሁለት ሰዎች ፊቴ ቆሙ።

አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የስልክ ጥገና... የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ዓርብ ደግሞ የገበያ ቀን ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ማለት የለም። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። በዚያ ላይ ጾም ነው።

የመጡት ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌና አንዲት ጎልማሳ ሴት ናቸው። ሴትዮዋ ልጃቸው መሆኗን ነገረችኝ። አባቷ በቤተ ልሔም ደብር በኩል የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ የኔታ ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው፣ ሐኪም ቤት ተመላልሰው ዳኑ። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። አሁን ሲናገሩ የሚወጣቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ በጨርቅ የተጠቀለለ ሲዲ አወጣች።

«ደህና በነበሩ ጊዜ አንድ እንግዳ ድምፃቸውን ቀድቶ ይህን ትቶልን ሄደ። ማጫወቻ ስለሌለን አንድም ቀን ሰምተነው አናውቅም። ወደ ስልኬ ገልብጭልኝ፣ እህቴ።»

የኔታም ጎንበስ ብለው «ተማሪዎቼ ይማሩበታል፣ ልጄ። እኔስ ጉሮሮዬ ተዘጋ» አሉኝ።

«ቀላል ነው፣ አሁኑኑ ይደርሳል» አልኩ። ምነው ባላልኩ!

ሲዲውን ከትቼ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ሲዲ ማጫወቻ የሚባል ነገር ኖሮት እንደማያውቅ ሆኖ ቁጭ አለ። አጥፍቼ አበራሁት... ያው ነው። ደግሜ ሳበራው ገና ከመነሻው ገብቼ የተገጠሙለትን ዕቃዎች ዝርዝር አየሁ። ሃርድ ዲስኩ አለ፣ ማጫወቻው የለም። የሚገርመው ቁልፉን ስጫነው መሳቢያው ይወጣል፣ ይገባል። ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ግን አላውቀውም ብሏል።

«ምን ሆነ?» አለች ሴትዮዋ።

«ማጫወቻው አልታይ አለው።»

የኔታ በጣታቸው አመለከቱ። «ይኸው እዚህ አለ አይደል?»

«እኛማ እናየዋለን፣ የኔታ። እሱ ነው ያላየው።»

መፍቻ አንስቼ ሳጥኑን ከፈትኩት። አቧራው አይጣል ነው! ጠራርጌ መረጃ የሚያመላልሰውን ኬብል ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። የለም። ከሌላ የተበላሸ ኮምፒውተር ላይ ኬብል ነቅዬ ቀየርኩለት። የለም። በዚህ መሃል መብራቱ ጠፋ። አንዱ «ፎቶዬስ?» ይለኛል፣ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ይነጫነጫል። ወገቤ ተቆረጠ። እውነቱን ለመናገር «በቃ፣ ደብረ ታቦር ውሰዱት» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ቀና ስል ሴትዮዋ አጠገቤ ቆማለች። አባቷ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰው ሁሉ ያን ድምፃቸውን ያነሣል። እኔ ግን እየረሳሁት ነው» አለችኝ።

መፍቻውን መልሼ ያዝኩት።

መብራቱ ሲመጣ የቀረኝን አንድ ነገር ሞከርኩ። ኬብሉን ከነበረበት ነቅዬ አጠገቡ ባለው ሌላ መሰኪያ ላይ ሰካሁትና አበራሁ። ማጫወቻው ጉርር... አለና ሲዲው መሽከርከር ጀመረ። ለካ የሞተው መሰኪያው ኖሯል!

ድምፁ ወጣ።

ወፍራም፣ ሙሉ፣ ቤቷን ጢም ያደረገ ድምፅ። ሲነጫነጭ የነበረው ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች እንባዋ ወረደ። የኔታን ሳይ ግን... ፊታቸው ጠቁሯል።

«አቁሚው!» አሉ። «ይሄ ሰውዬ ስቷል።»

«ማን?»

«ይሄ የሚያዜመው ነዋ! እዚህ ላይ ዝቅ ማለት ነበረበት። እሱ ሽቅብ ይዞት ወጣ። ይህንማ ተማሪ ፊት አላቀርብም። ስበሪው፣ ልጄ።»

«እርስዎ እኮ ነዎት፣ የኔታ።»

«እኔ ብሆንስ! እኔ ስሞት ስሕተቴ ቀርቶ ሊያስተምር ነው?»

መፍቻው እጄ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ያ ሁሉ ድካም...

ሴትዮዋ ግን ጠጋ ብላ መሳቢያው ላይ እጇን ጫነች። «አይሰበርም!» አለች። አባቷ ላይ ጮኻ እንደማታውቅ ከድንጋጤዋ ያስታውቃል። ቀጥላ ቀስ ብላ «ለተማሪዎችዎ ከሳቱ ይሳቱ። እኔ ተማሪዎ አይደለሁም፣ ልጅዎ ነኝ። ለእኔ አልሳቱም» አለቻቸው።

የኔታ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ድምፅ መቅጃ አለሽ?» አሉኝ።

ስልኬን አፋቸው ድረስ አስጠጋሁ። በዚያ በተዘጋ ጉሮሮ፣ እያሳላቸው፣ ያችን አንድ ቦታ ዝቅ አድርገው አዜሟት። ከዜማ ይልቅ ትንፋሽ ይመስላል። መውረዱ ግን ይሰማል። አልረኩም፤ ደጋገሙት። በመጨረሻ እሺ ያሉትን ከድሮው ድምፅ መሃል አስገብቼ ለሴትዮዋ ስልኳ ላይ ጫንኩላት። ያ ወፍራም ድምፅ እየዘለቀ መጥቶ ይቆማል። ሹክሹክታው ይገባና «እዚህ ላይ ስቻለሁ፣ እንዲህ ነው» ብሎ ያርመዋል። ከዚያ ወፍራሙ ይቀጥላል።

ሲወጡ በሩ ላይ ሰማኋት።

«አባቴ፣ የትኛውን አብዝቼ እንደምሰማ ልንገርዎ?»

«የትኛውን?»

«የሳቱበትን።»

የኔታ ሳቁ። ድምፅ የለውም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

ድካሜ አልወጣልኝም። ግን የኮምፒውተሩን ሳጥን እየዘጋሁ ሳላውቀው ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት... ያውም የተሳሳተውን።