የፊት ማንጫ ክሬም ያላስተዋወቀው መጽሔታችን

"ጋሼ፣ ውስጡ 'በመልክሽ ኩሪ' ብለን ጽፈን፣ ጀርባው ላይ 'ፊትሽን አንጪ' እንበላቸው?"

ዛሬ ጠዋት ሶዶ መሃል፣ አንድ የኮስሞቲክስ ነጋዴን እንዲህ ብላ የጠየቀችው የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ አማረች ናት። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሴት ልጆች ለሴት ልጆች የሚጽፉትን መጽሔት የምታዘጋጀው እሷ ናት።

ሰውየው መጽሔቱን በቀለም ሊያሳትምልን ቃል ገብቶ ነበር። ዛሬ ግን "የጀርባው ሽፋን ለፊት ማንጫ ክሬሜ ማስታወቂያ ይሁን" አለን። እኔ ገና ቃል ስመርጥ አማረች ቀደመችኝ።

"እንግዲያው ራሳችሁ አሳትሙ!" ብሎ ወደ ደንበኞቹ ዞረ።

ውጭ ስንወጣ "ቲቸር፣ አበላሸሁት እንዴ?" አለችኝ።

"ምንም አላበላሸሽም። መጽሔቱ የእናንተ ነው፤ የሚወጣበትንም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ" አልኳት።

የቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ ጸሐፊ ሰምታ በፎቶ ኮፒ አባዛችልን። ሽፋኑ ላይ ያለችው ልጅ በኮፒው በጣም ጠቁራ ከጥርሷ በቀር አትታይም። ነጋዴው ቢያያት ክሬሙን በነጻ ይሰጣት ነበር!

ከሰዓት ሻንቶ ከተማ ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት ወስደን ለተማሪዎች አደልን። አንድ ቅጂ ለአራት ተሻሙበት። አንዷ በአማርኛ ታነባለች፣ ሌላዋ በወላይትኛ ታስረዳለች።

አንዲት ቀጭን ልጅ አማረችን ጠጋ ብላ "እኔም መጻፍ እችላለሁ?" አለቻት።

"ታዲያ ለምን የመጣን መሰለሽ?" አለቻት አማረች።

እናንተስ? እንቢ ብላ ያኮራቻችሁ ልጅ፣ እህት ወይም ተማሪ አለቻችሁ? ይህን የምጽፍበት ኢንተርኔት ካፌ ሳይዘጋብኝ ጻፉልኝ፤ ነገ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።