ከማዶ ያልመለስኩት ሰላምታ

ትልቁ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በእኔ እንዳዘኑ ሞቱ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው የሰባት ዓመቷ እህቴ ዓይን ስላሳሰበኝ ነው።

እኛ አገር፣ መንዝ፣ ሰው የሚለየው ከሩቅ ነው። ገና ከማዶ ብቅ ሲል በጋቢው አደራረብና በአካሄዱ ይታወቃል። ታላቅ ከሆነ ታናሹ ይቆምና ነጠላውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ንቋል ማለት ነው። አላየሁም ቢል ማንም አያምነውም፤ በጠራራ ፀሐይ ሰው እንዴት አይታይም?

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከሞላሌ ገበያ ስመለስ አጎቴ ከቤታችን በታች ካለው ወንዝ ማዶ ቆመው ነበር። ከዘራቸውን አንስተው ጠሩኝ አሉ። ነፋስ ስለነበር ድምፃቸውን አልሰማሁም፤ የታየኝም ከድንጋዮቹ ጋር የተቀላቀለ አንድ ነጭ ነገር ብቻ ነው። አለፍኩ።

በማግስቱ መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ» አላቸው አባቴ።

«የት ልግባ? ልጅህ ትልቅ ሰው ሆናለች። ከዘራ እያወዛወዝኩ እንደ ጉቶ አይታኝ አለፈች!»

«ኧረ አላየችዎትም ይሆናል» አለች እናቴ።

«ጉንዳን የምታክል ፊደል እያየች እኔን ታጣኛለች?»

እግራቸው ሥር መውደቅ ነበረብኝ። አፈርኩና ጓዳ ገባሁ።

አባቴ ሊድረኝ ሲያስብ «ትማር» ብለው የተሟገቱልኝ እሳቸው ናቸው። «በግ አታስጠብቋት፣ ቤት ቁጭ ብላ ታጥና» ያሉም እሳቸው ናቸው። እኔም እሳቸውን ለማስደሰት ስል ከመደቡ ላይ፣ ከኩራዙ አጠገብ፣ መጽሐፉን አፍንጫዬ ሥር ይዤ አደግኩ። ሰሌዳው ሲደበዝዝብኝ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም፤ ዓይኗ ታመመ ተብዬ ከትምህርት እንዳልቀር ፈርቼ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ እያልኩ ሳመነታ አጎቴ በዚያው ክረምት አረፉ።

መነጽር ያደረግኩት ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። አንድ መምህራችን ሩቅ ያለማየት ችግርን ሲያስረዱን፣ የዓይን ኳስ ከልኩ በላይ ወደ ኋላ ሲረዝም ምስሉ ከዓይኑ የኋላ ግድግዳ ሳይደርስ እንደሚቀር ነገሩን። ድሮ መነጽር ሰጥቶ መሸኘት ብቻ ነበር። አሁን ግን በልጅነት መርዘሙን ማዘግየት እንደሚቻል እየታወቀ ነው። በቀን ብርሃን ከቤት ውጭ ብዙ የሚቆዩ ልጆች ችግሩ የሚጀምራቸው ባነሰ መጠን ነው፤ ለጀመራቸውም ሐኪም የሚያዝዘው ጠብታና ልዩ ሌንስ አለ። የረዘመው ግን አይመለስም። ሁሉንም በጥንቃቄ ጻፍኩ። «ከቤት ውጭ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በዘርም ይመጣል ብለውናል፤ የአጎቴን ደግነት መክሰስ አልፈልግም። ቢሆንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሩቅ ነጭ ጋቢ ባየሁ ቁጥር፣ ሰውየውን ባላውቀውም፣ ጎንበስ እላለሁ።

ለዕረፍት ስመጣ እህቴ ደጃፍ ላይ ነበረች። ከወንዙ ማዶ ሆኜ ነጠላዬን አወዛወዝኩላት። ወደ እኔ ፊቷን አቅንታ አየችና ቤት ገባች።

ቤት ስደርስ እናቴ ሳቀች። «ይቺም እንዳንቺ ኮራች!»

መጽሐፏ ከዚያው መደብ ላይ ተዘርግቷል። በስልክ «በግ አታስጠብቋት፣ ታጥና» እያልኩ የማሳስበው እኔው ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት ልወስዳት እጇን ይዤ ወጣሁ። እናቴ አልተቃወመችም፤ «ያኔ አንቺም አላየሽም ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ወንዙ ዘንድ ስንደርስ እህቴ ቆመች።

«እታለም፣ እዚያ ማዶ የቆሙት ነጭ ሰውዬ ማን ናቸው?»

በመነጽሬ አየሁ። አጎቴ ቆመውበት የነበረው ቦታ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አለ፤ ሌላ ማንም የለም።

«ጎንበስ በይ» አልኳት።

ነጠላችንን ዝቅ አድርገን ሁለታችንም ጎንበስ አልን። ከዚያ መኪናው እንዳያመልጠን ወደ መንገዱ ሮጥን።