የየሺጥላ ሆድና የሂርሲ ትሪ

ባሌ የሺጥላ በሃምሳ ዓመቱ የሆድ ጡንቻ ማውጣት አማረው። ሰው በዚህ ዕድሜ ልጅ ይድራል፣ ቤት ያድሳል፤ የኔው ጉድ ስልኩ ላይ የጎረምሳ ሆድ ሲያይ ያመሻል። ጥፋቱ ግን የሱ ብቻ አይደለም፤ የጅጅጋም ነው። እዚህ አገር ስም ሲወጣልህ ማንም አያዝንልህም፤ ረጅሙን በቁመቱ፣ አንካሳውን በእግሩ ይጠሩታል፣ ሰውየውም አቤት ይላል። ባሌን «ዐሎሌ» አሉት፣ ቦርጫሙ ማለታቸው ነው። ሚስማርና ቀለም ፈልጎ ገበያ የገባ ሁሉ «የዐሎሌ ሱቅ የት ነው?» እያለ ይመጣል። የሺጥላ እየሳቀ ያስተናግዳል፤ ቤት ሲገባ ግን መስታወት ፊት ቆሞ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። አንድ ቀን ሳላስበው አየሁትና አንጀቴን በላው።

በ2015 የፋሲካ ማግስት ጀመረ። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ወደ ካራማራ በሚወስደው መንገድ ይሮጣል። ደንበኛ ሲጠፋ ከባንኮኒው ጀርባ ካርቶን አንጥፎ፣ በክርኑና በእግሩ ጣቶች ተደግፎ እንደ ሳንቃ ይወጠራል። ሰው ሲመጣ አቧራውን አራግፎ ብድግ ይላል፣ ላቡን ግን የት ያድርሰው! ሩዝ ቀረ፣ ፓስታ ቀረ፣ ስኳር የበዛበት የወተት ሻይም ቀረ። የተቀቀለ እንቁላልና ጎመን በምሳ ዕቃ እየቋጠርኩ «ጎመን በጤና» እያልኩ አሾፍበታለሁ።

ችግሩ የመጣው በሂርሲ በኩል ነው። ሂርሲ ከጎናችን ጨርቅ ይሸጣል። በ2010 ሐምሌ ከተማው ሲታመስ እኛን ቤቱ ሸሽጎ፣ ራሱ ሱቃችን በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠና «የኔ ነው» እያለ ንብረታችንን አስጣለልን። ከዚያ ወዲህ የሺጥላ፣ የደብረ ሲና ቄስ ልጅ፣ ማን ባረከው ሳይል ከሂርሲ ትሪ የፍየል ሥጋ መብላት ጀመረ። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን በላ ተብሎ አገር ቤት ቢሰማ ጉድ ይፈላ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አልበላም፤ እሱን ግን አልከለከልኩትም። ሂርሲም ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ገብቶታል። ለዓመታት ምሳ ሲደርስ የሁለቱ እጅ አንድ ትሪ ላይ ነበር።

ይኸው ባሌ ድንገት «አልበላም» አለ። ሂርሲ የኛን ጾም ከኔ በላይ ያውቀዋል፤ ሁዳዴ ማለፉን፣ ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ያውቃል። ምነው ብሎ ሲጠይቀው የኔ ባል አፈረ። የሆድ ጡንቻ ልሠራ ነው ቢል በነጋታው ከዐሎሌ የባሰ ስም ያወጡለታላ! «እንዲያው ትቼ ነው» አለ። ሂርሲ ይህንን ማለዳ ማለዳ ከመውጣቱ ጋር አገናኘው፤ ቤተ ክርስቲያን ቢመላለስ ነው፣ ቄሱ ከልክለውት ነው አለ። ሆድ ባሰው። ሰላምታው ቀዘቀዘ፣ ቆይቶም ቀረ። ትሪውን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብቻውን ይበላ ጀመር። የሺጥላም ያንን እያየ ጎመኑ አልዋጥ አለው።

አንድ እሑድ ሐጂ ዐብዲኑርና ጡረተኛው መምህር ገብረክርስቶስ ሂርሲን መሃል አድርገው ለሽምግልና ቤታችን መጡ። ሻይ አቀረብኩና በሩ ሥር ቆምኩ።

«የሺጥላ» አሉ ሐጂ፣ «የዚህ ወንድምህ እጅ ረከሰብህ ወይ?»

«በስመ አብ! ሐጂ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ታዲያ ትሪውን ለምን ተውክ?»

ባሌ ወደኔ አየ፣ ቀጥሎ ወደ ምንጣፉ። «ለሆዴ ብዬ ነው» አለ።

«አሞሃል?»

«አላመመኝም። ጡንቻው እንዲታይ ብዬ ነው።»

ሂርሲ ዓይኑ ቀልቶ ተነሳ። «ዋርያ የሺ፣ ቄሴ ከለከለኝ በል፤ ይገባኛል፣ አልቀየምህም። ግን እንደ ሕፃን አታታለኝ» ብሎ ጫማውን ፍለጋ ዞረ።

ያ ሰው ከዚያ በር ከወጣ አይመለስም። ያለን ማስረጃ ደግሞ ከባሌ ሸሚዝ ሥር ብቻ ነው። «አሳያቸው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

የሺጥላ ቁልፎቹን ፈታ፤ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ሰብስቦ ትንፋሹን ዋጠና ቆመ። ሐጂ ጠጋ ብለው አዩና «እኔ የማየው ሆድ ነው» አሉ። መምህር ገብረክርስቶስም መነጽራቸውን አድርገው ከጎን ሞከሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን ልናገር፣ ቦርጩ ጎድሏል፤ የቀረው ግን ያው ለስላሳ ሆድ ነው። ሌሊት ሌሊት አጠገቡ የምተኛው እኔ አንድም ጡንቻ አላየሁም።

ሂርሲ ተመልሶ መጥቶ በርከክ አለ። መዳፉን የባሌ ሆድ ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ ዳሰሰ። የሺጥላ ትንፋሹን እንደያዘ ይንቀጠቀጣል።

«አለ» አለ ሂርሲ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «እዚህ አንድ፣ እዚህም አንድ። ሐጂ፣ ዓይንዎ ደክሞ ነው እንጂ ወላሂ አለ!»

ሐጂ ቀና ብለው አዩት። ሂርሲ ጨርቅ ለመሸጥ እንኳ የማይምል ሰው ነው። መሐላውን እንዳልሰማ ሆነው ሻያቸውን አነሱ። እኔ እንባዬ መጣ። ባሌ ትንፋሹን ሲለቅ ሆዱ የሂርሲ መዳፍ ላይ ዘፍ አለ፤ ሂርሲ ግን እጁን አላነሳም።