ሐሙስ የተጻፈበት እንቁላል

እህቴ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ታጭታ ነበር። ሠርጉ ሦስት ወር ሲቀረው የእጮኛዋ አክስት ቤታችን መጣች። የቀረበላትን ሻይ ሳትቀምስ የእህቴን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። "ይቺ ልጅ ጢም እያወጣች ነው" አለች። ቀጥላም የወር አበባዋ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ እናታችንን ጠየቀች፤ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። በሳምንቱ እጮኝነቱ ፈረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ እህቴ ሻሽ እስከ አፍንጫዋ ሳትጠመጥም ከደጅ አልወጣችም። እኔ ታላቅ ወንድሟ ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያቺን ሴት "ውጪልን" ማለት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

በኋላ እኔ አናጢ ሆኜ በምሠራበት የጫማ ፋብሪካ፣ ለሠራተኛው ምሳ የሚበስልበት ወጥ ቤት እህቴ ተቀጠረች። ጭልፋ ከእጇ ስለማይለይ ሰው ሁሉ "ጭልፋ" ይላታል።

ወጥ ቤቱ የትም ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። የሚያበስል ሰው አይቀመጥም፤ ለራሱም አያበስልም። ከየድስቱ ይቀምሳል፣ የዳቦ ጠርዝ ዘይት ነክሮ ይጎርሳል፣ የተረፈ ሩዝ ካለ ቆሞ ይበላል። አንዲት በርጩማ እንኳ አልነበረችም። እህቴ አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረች። ሰውነቷ ሲጨምር "የወጥ ቤት ሰው መቼ ይከሳል" እያሉ ይስቁባት ነበር።

በሠላሳ አምስት ዓመቷ ምድጃ ሥር ራሷን ስታ ወደቀች። ያየቻት ሐኪም የደም ምርመራውን አንብባ፣ "ሆርሞንሽ ተዛብቷል። የአገጭሽ ፀጉር፣ የወር አበባሽ መጥፋት፣ ክብደቱም ከዚያው ነው። ስኳር በሽታ ደጅሽ ላይ ቆሟል" አለቻት። መድኃኒት ጻፈችላት፣ በየቀኑ በእግሯ እንድትሄድ አዘዘቻት። "ነጭ ዳቦና ስኳር ተዪ። ቁርስሽን እንቁላል ከአትክልት ጋር አድርጊው፤ በሰዓቱ፣ ተቀምጠሽ" አለቻት። የበላችውንም እንድትመዘግብ ነገረቻት። እህቴ ደብተር አትወድም። ሰኞ ማለዳ ደርዘን እንቁላል ከቤቷ ይዛ መጣች፤ በእርሳስ ሁለቱ ላይ "ሰኞ"፣ ሁለቱ ላይ "ማክሰኞ" እያለች እስከ ቅዳሜ ጽፋ ልብስ መቀየሪያ ሳጥኗ ውስጥ አኖረችው። ሳይሰበር የቀረ ካለ ያን ቀን አልበላችም ማለት ነው።

አሠራሯን አይቻለሁ። ቀይ ሽንኩርት በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ታቁላላለች፤ ቲማቲም ትጨምራለች። የተከተፈ ቆስጣ ከላይ ትከምርና በራሱ ውሃ እስኪለዝብ ትከድነዋለች። ከዚያ በጭልፋው ጀርባ ሁለት ጉድጓድ አበጅታ በየጉድጓዱ አንዳንድ እንቁላል ትሰብራለች። አታማስለውም፤ እሳቱን ቀንሳ ትከድነዋለች። ጥቂት ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ በዳቦ ፈንታም የተቀቀለ ሽንብራ። ሩብ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ገባ። ጥርሱን በስንጥር ሲጎረጉር የሚውል ሰው ነው። መጥበሻውን አይቶ ቆመ።

"የማን ነው ይሄ?"

"የእኔ ቁርስ ነው፣ አለቃ። ሐኪም ያዘዘልኝ ነው።"

"እንቁላሉስ?"

"ከቤቴ።"

"መጋዘን ሙሉ እንቁላል አጠገብሽ እያለ ከቤትሽ? ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አሉ። ደግሞ አንቺን እንቁላል ሊያከሳሽ ነው?"

መጥበሻውን አንስቶ የእጣቢ ባልዲ ውስጥ ገለበጠው። ሊጎርሱት የተሰናዳ ምግብ፣ እጣቢ ውስጥ።

እኔ እዚያው መደርደሪያ እጠግን ነበር። "ተዪው እህቴ፣ ሥራሽን ታጪያለሽ" አልኳት ቀስ ብዬ።

ዞራ አየችኝ። "ጋሼ፣ አንተ ዝም በል። ድሮም ታውቅበታለህ።"

ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እጇን ሰድዳ ቅርፊቶቹን አወጣችና ኃላፊው ፊት ደረደረቻቸው። አንዱ ላይ "ሐሙስ" ሙሉው ይነበባል፤ ሌላው ላይ "ሐሙ" ብቻ ቀርቷል።

"አንብበው። የመጋዘንህ ዶሮ ፊደል ትጽፋለች?"

እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለው።

ማንበብ ይችላል፤ አላነበበም። "ምድጃውን ለኩሱ፣ ሰዓት ሄዷል" አለ።

"ቁርሴን ደፋኸው። ሌላ ሠርቼ እስክበላ ከእኔ መጥበሻ ሥር በቀር እዚህ ቤት እሳት አይነድም።"

ሁለቱ ረዳቶቿ ክብሪታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እህቴ "ዓርብ" የተጻፈባቸውን ሁለቱን አመጣች፤ ሽንኩርቱን እንደ ገና ከተፈች። ሲደርስላት የአትክልት ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችና በላች። ሐኪሟ ቀስ ብለሽ አኝኪ ብላታለች። ያን ቀን ግን ቀስ ያለችው ለሐኪሟ ብላ አልነበረም።

ምሳ አርባ ደቂቃ ዘገየ። ኃላፊው የራበውን ሰው ሊያስነሳባት "ጭልፋ ናት፤ ሆዷን ስትሞላ ነው" ብሎ ተናገረ። አንድ ሽማግሌ ቆዳ ቆራጭ ሳህኑን እንደያዘ፣ "አሥራ ስድስት ዓመት አብልታን አንድ ቀን ብትበላ ነው?" አለው። ከኋላው የተሰለፈው ሳቀ። ኃላፊው ስንጥሩን ነክሶ ወጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ዳግመኛም መጥበሻዋን አልነካም።

በማግስቱ በርጩማ ሠርቼ ወሰድኩላት። "አርፍደሃል ጋሼ" አለችኝ። ተቀመጠችበት ግን።

በዓመቱ ስኳሯ ወረደ፣ የወር አበባዋም ተመለሰ። የአገጯ ፀጉር አልጠፋም፤ ሻሽ መጠምጠሙን ግን ተወች። ዛሬ ጡረታ ላይ ናት። ታሪኳን ልጽፍ መሆኑን ነግሬ ከሁሉ በልቧ የቀረው ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ቆስጣ እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"አሠራሩን ጻፈው፣ ለሰው ይጠቅማል። ዘይቱ አንድ ማንኪያ መሆኑን እንዳትረሳ። እኔ ለሦስት መቶ ሰው 'በላህ? ጠገብሽ?' እያልኩ ኖርኩ። 'አንቺስ?' ያለኝ የለም። እኔም ራሴን 'አንቺስ?' ብዬ አላውቅም። በዚያች ሐሙስ ራሴን ጠየቅኩ። በልቤ የቀረው እሱ ነው።"