ያልወደቅኩ ቀን

ልጄን የጸሎት ርዕስ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ማንንም ከመውቀሴ በፊት ይህን ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ግን እወቅሳለሁ፣ ማንም አያስቆመኝም። እንድጽፈው የፈቀደልኝም እሱ ነው። አንብቦ ሁለት ቦታ ሰረዘና "በቃ፣ እንደዚህ ይሁን" አለኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሶ፣ ድንገት አንድ ቦርሳ ይዞ መጣ። "እማ፣ ትንሽ ልረፍ" ብሎ ክፍሉ ገባ፣ ሰባት ወር አልወጣም። አይጠጣም፣ አይቅምም። ይተኛል። ሲነቃ ግድግዳ ያያል። ሳህኑን በሩ ላይ አስቀምጬለት ቦሌ ሚካኤል ወዳለችው የመጋረጃ ስፌት ሱቄ እሄዳለሁ። ስመለስ ግማሹ ተበልቶ ካገኘሁት፣ ለእኔ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው።

ምክር ግን አልጎደለብኝም! አባቱ ካረፈ ወዲህ አዋቂው በዝቷል። ወንድሜ ከአያት ድረስ መጥቶ፣ ሶፋዬ ላይ እግሩን አነባብሮ፣ "አቀማጥለሽ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ። ምግብ ከልክዪው፣ በሦስተኛው ቀን ዘሎ ሥራ ይፈልጋል" አለኝ። "አንተ ምሳ ትንሽ ሲዘገይ ሚስትህን መቆሚያ መቀመጫ የምታሳጣ ሰውዬ፣ ስለ ረሃብ እኔን አታስተምረኝ!" አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ። ጎረቤቴ ደግሞ "አረብ አገር ላኪው፣ እዚያ ልብ ይገዛል" አለችኝ። "የራስሽን ላኪ" አልኳት፤ ከእሷም ጋር ለወር ያህል ተኮራረፍን።

ልጄ ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ ሰው ሲተኛ ደስ ይለዋል። እኔ ልጄ ተኝቶ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሱቄ ሰፈር መብራት ጠፋ። ማሽኑ ስለማይሠራ የደንበኛ መጋረጃ ቤት አምጥቼ ጠርዙን በእጄ እሰፋ ነበር። የክፍሉ በር ተከፈተ። መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠና የጨርቁን ጫፍ ያዘልኝ። አንድ ነገር ተናግሬ እንዳላባርረው ምላሴን ነከስኩ። ጠርዙን ልጨርስ ስል "እማ፣ ጭንቅላቴ ልክ አይደለም" አለኝ። "ሐኪም ጋር ውሰጂኝ። ግን ለማንም እንዳትነግሪ። አንድ ሰው እንኳ ከሰማ አልሄድም።"

እኛ ቤት መማል ነውር ነው። ማልኩለት። ሮጬ ለሰኞ አራት ሰዓት ቀጠሮ ያዝኩ። በሰባት ወር ውስጥ ራሱ እጁን የዘረጋልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን እጅ ከሰበሰበ ሁለተኛ እንደማይዘረጋው እናቱ ነኝና አውቀዋለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፈራችን እህቶች በየተራ በአንዳችን ቤት ለጸሎት እንሰበሰባለን። ይዘመራል፣ ቃል ይነበባል። ሊያልቅ ሲል መሪያችን ማስታወሻቸውን ያወጡና እያንዳንዳችን የሚጸለይልንን ጉዳይ፣ የጸሎት ርዕስ የምንለውን፣ እንሰጣለን። የአንዷ ቪዛ፣ የአንዷ ኩላሊት፣ የአንዷ ባል። የተነገረው እዚያው ይቀራል፤ ደንቡ ነው፣ ተብሏል። የዚያን ሐሙስ ተራዬ ሲደርስ "ደህና ነኝ" ብዬ ማለፍ ስችል አፌ ተከፈተ። ልጄን፣ ክፍሉን፣ የሰኞውን ሐኪም ሳይቀር ዘረገፍኩት። አለቀሱልኝ። አቀፉኝ። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ብቻዬን የተሸከምኩትን አሥር ሴቶች ሲያግዙኝ ቀለለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ምን ጠቀመኝ?

በማግስቱ አይቻት የማላውቃት ደንበኛ ሱቄ መጥታ የመስኮቷን ልክ እየነገረችኝ፣ "ልጅሽን ጌታ ያስብልሽ። ሰኞ ነው አይደል ሐኪሙ?" አለችኝ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ከየት ሰማሽ ስላት "ቴሌግራም ላይ ነዋ! ለአስቸኳይ ጸሎት ተለቆ" ብላ ስልኳን አሳየችኝ። የልጄ ስም ከነአባቱ ተጽፏል። ውሃ ሆንኩ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሬ ተንኳኳ። መሪያችን ናቸው፤ ከአራት እህቶች ጋር። ከኋላቸው ሱፍ የለበሰ፣ ትንሽ የዘይት ጠርሙስ የያዘ፣ ሠላሳ ያልሞላው አገልጋይ ቆሟል። ከሳሎኔ ወደ ልጄ ክፍል የሚወስደው ኮሪደር ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሄጄ መሐሉ ላይ ቆምኩ።

"በመድኃኒት ሳይደነዝዝ ደርሰንለታል" አሉ መሪያችን። "በይ አስወጪው።"

"አይወጣም እትዬ። ሰኞ ሐኪም ያየዋል።"

"ይሄ የሐኪም ነገር አይደለም፣ የኔ ልጅ።"

"አምና ስኳርዎ ሲነሳ ግን የሐኪም ነገር ነበር! ተሸክሜ ያደረስኩዎት እኔ ነኝ።"

እህቶቹ መሬት መሬት አዩ። አገልጋዩ ጉሮሮውን ጠረገና "እናቴ፣ የሚከለክለን እርስዎ አይደሉም፣ መንፈሱ ነው" አለኝ።

"እንግዲያው ከእኔ ጀምራ! መንፈሱ እኔ ላይ ካለ የልጄ ክፍል ምን ያስገባሃል?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ አገልጋይ እጁን ግንባር ላይ ጭኖ ሲጸልይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ከኋላ ሆኖ የሚቀበል አለ፣ ነጠላ የሚያለብስ አለ። እኔ ደግሞ በመውደቅ የታወቅኩ ነኝ። በየጉባኤው ገና እጁ ሳይነካኝ የምወድቀው እኔ ነኝ፤ ማስመሰል አይደለም፣ ሰውነቴ ደስ ብሎት ይለቃል። መሪያችንም ያውቁኛል። "ጸልይላት" ሲሉት ፊታቸው ፈካ። ከወደቅኩ አንስተው ሶፋ ላይ ያጋድሙኛል፣ ኮሪደሩም ክፍት ነው። ልጄ ከዚያ በር ጀርባ አልጋው ላይ ነበር። ስድስት ሰው ገብቶ እላዩ ላይ ቢጮህ ሰኞ የሚባል ቀን አይኖርም።

ዘይቱን ቀባኝ። እጁን ጫነ። ጮኸ፤ እነሱም አብረው ጮኹ። ግንባሬን ገፋ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ የለመደውን መንገድ ሊሄድ! ሁለት እጄን ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ተከልኩ። "ጌታዬ፣ ከወደድከኝ ዛሬ አታስወድቀኝ" አልኩ በልቤ። እንደዚያ ቀን ከልቤ ጸልዬ አላውቅም።

"ልቀቅ! በኢየሱስ ስም ልቀቅ!" ይላል።

"አልለቅም!" አልኩት።

"ማን ነህ አንተ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ማንም መንፈስ አይደለሁም። የልጁ እናት ነኝ። እጅህን አውርድ፣ ዘይቱ ዓይኔ ገባ።"

አወረደ። ላቡን ጠረገና ወደ መሪያችን ዞሮ "ጠንካራ ነው" አላቸው። "አዎ፣ ጠንካራ ነኝ" አልኩት። ሻይ እንኳ ሳላፈላላቸው ወጡ። እኔ ቤት እንግዳ ሻይ ሳይጠጣ የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው፤ አላፈርኩም፣ ዛሬም አላፍርም።

በሩን ስዘጋ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

"ነግረሻቸዋል" አለኝ ከክፍሉ ውስጥ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ነግሬያቸዋለሁ" አልኩት በሩን ተደግፌ። "ሐሙስ ዕለት። ማንም አላስገደደኝም። ማልኩልህ፣ ቃሌን አጠፍኩ። ይቅር በለኝ ልጄ።" እኛ ቤተሰብ ውስጥ ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። እናቴ ስንት ነገር በድላኝ አንድ ቀን እንኳ አላደረገችውም። አንደበቴ ሲያወጣው ሌላ ሰው የተናገረው ነበር የመሰለኝ። እሁድ ያስቀመጥኩለት ሳህን ሳይነካ አደረ። የምቆጣው ሰው አጣሁ፣ ከራሴ በቀር።

ሰኞ ጠዋት ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። "እኔ ሄጃለሁ" አልኩት። "ወረፋ እይዝልሃለሁ። አድራሻው ጠረጴዛው ላይ አለ። ዛሬ ባትመጣ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ አስይዤ እሄዳለሁ። ባትመጣ ደግሞ ሌላ። እኔ አይደክመኝም።" ውሸቴን ነው፣ ደክሞኝ ነበር። ከኢምፔሪያል ታክሲ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ክሊኒኩ ቀጠሮ ቢኖርም ወረፋ አለው። ተራችን ሲደርስ ከኋላዬ ያለውን አሳለፍኩ። ቀጥሎ ያለችውንም። ሌላም። ካርድ ይዛ የምትጣራው ነርስ ሰለቻት።

"እናት፣ ታካሚው የታለ?"

"ይመጣል።"

"ደውለውለታል?"

"አልደወልኩም።"

"ታዲያ እንደሚመጣ በምን አወቁ?"

"አላወቅኩም! ቁጭ ብዬ መጠበቅ ግን ማንም አይከለክለኝም።"

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ላይ አየሁት። ጸጉሩ ተንጨፍርሯል፣ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም ጃኬት ለብሷል። መንገዱን ሁሉ በእግሩ ነው የመጣው፤ ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር መጠጋጋት አልቻለም። አጠገቤ ቆመና ሰው ሁሉ እያየው "ስንተኛ ነን?" አለኝ።

"አንተን ነው የሚጠብቁት" አልኩት።

ነርሷ ስሙን ስትጠራ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ብድግ አልኩ። ትከሻዬን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝ። "አንቺ እዚህ ሁኚ" አለኝ። ብቻውን ገባ፣ በሩም ተዘጋ። አልተነሳሁም።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ፣ ደግ ፊት ያላት፣ እጄን ያዝ አድርጋ "አይዞሽ እህቴ፣ ልጅሽ ነው? ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

"እኔ አልናገርም" አልኳት። "ሲወጣ እሱን ጠይቂው። ከፈለገ ይነግርሻል።"