ለሁለት የተፈረደ ክኒን

ደባርቅ ገበያ ብቅልና ጌሾ የምትሸጠውን ውቢትን የማያውቅ የለም፤ ምላሷንም እንደዚያው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያ ብቅል ነው። ጎረቤቴ ስለሆነች ብቅሉን ባልገዛ እንኳ ወሬዋን ሳልገዛ የማልፍበት ቀን የለም።

በ2004 ዓ.ም. ጣፊያዋ አብጦ ቀሚሷ አልዘጋ አላት። ከጎንደር ሐኪም ቤት ወደ አዲስ አበባ ላኳት፤ የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳት፦ በደሟ ውስጥ ሁለት የዘር ክሮች ተበጥሰው ያለቦታቸው ተቋጥረዋል። ክኒኑ ያንን ቋጠሮ ብቻ ለይቶ ይመታል። አንድ ቀን እየተዋጠ አንድ ቀን ከተዘለለ ግን በሽታው ይለምደውና አይፈራውም። የሦስት ወር ክኒን ይዛ ተመለሰች። ወሩ ሳይሞላ ሆዷ ሟሸሸ።

ይህን የባሏ ወንድም ደምለው አየ። ደምለው ሁመራ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ የመጣ ነው፤ የእሱም ሆድ በግራ በኩል ተነፍቷል፣ ትኩሳትም አይለቀው። ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት መርፌ ይፈራል። ስለዚህ ጀግናው ደምለው ሽማግሌ ሰበሰበ። ለምን ቢሉ፣ ክኒን ለመካፈል!

ሦስት ሽማግሌዎች፣ መምሬ ወልደ ሩፋኤልን በመሐል አድርገው፣ ውቢት ደጅ ተቀመጡ። ጋቢ ተስተካከለ፣ ጉሮሮ ተጠረገ። ስለ ደም የሚያውቁት ቀይ መሆኑን ብቻ ነው፤ ፍርዱ ግን አልዘገየም።

"ውቢትዬ፣ የልጆችሽ አጎት ነው" አሉ መምሬ። "ሕመማችሁም አንድ ነው። አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እሱ ዋጡ።"

የገብስ ክምር ቢሆን እንከን የማይወጣለት ፍርድ ነበር።

"ይፍቱኝና መምሬ፣" አለች ውቢት፣ "መነጽርዎንስ አንድ ቀን እርስዎ፣ አንድ ቀን ደምለው ቢያደርገው? የሱም ዓይን ዓይን ነው።"

"እንዴት ተደርጎ! ለኔ ዓይን ተለክቶ የተሠራ ነው።"

"ክኒኑስ?"

መምሬ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ። ደምለው ግን ዝምታ አያውቅም። "ጣፊያ ጣፊያ ነው! ስስት ይዞሽ ነው። ወንድሜ ቢኖር ይታዘብሽ ነበር።"

"ወንድምህ ቢኖር በጆሮህ ጎትቶ ያስመረምርህ ነበር! ሁመራ ላይ ዘንዶ ገደልኩ ስትለን ከርመህ፣ መርፌ ፈርተህ የባልቴት ክኒን ልትቀማ መጣህ? አንተን ማዳኑ ያልታወቀ ክኒን ነው፤ እኔን ግን መጉደሉ ይገድለኛል።"

ገባች። ቁራሽ ዳቦና ውኃ ይዛ ወጥታ ቆመች፤ ክኒኑን በሽማግሌዎቹ ፊት ዋጠችና አፏን ከፍታ አሳየቻቸው።

"የዛሬው ይኸው። የነገውም የኔ ነው። የጎንደር መኪና ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፤ አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ። የኔ ቋጠሮ ከተገኘብህ ሐኪሙ የራስህን ይሰጥሃል።"

ሽማግሌዎቹ መውጫ አገኙ። "እኛም ልንል ያሰብነው ይህንኑ ነው" ብለው ተነሡ።

ጎንደር ላይ ጣቱን ሲወጉት የጮኸው ጩኸት በረንዳው ድረስ ተሰማ። ካላዛር ሆነ፤ የሁመራ ትንኝ ያወረሰው፣ የውቢትን ክኒን ዕድሜ ልኩን ቢውጥ ንቅንቅ የማይል። አሥራ ሰባት ቀን መርፌ ተወግቶ ዳነ።

ውቢት ይኸው ስድስት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳትዘል ትውጣለች። ደምለው ደግሞ ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀመስ፣ "ሽማግሌ የፈረደልኝን ግማሽ ትቼላት ነው በሕይወት ያለችው" ይላል።

ይህን ስነግራት ብቅል እየሰፈረች ነበር። ጣሳውን እንኳ አላስቀመጠችም።

"እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ" አለች። "ለመምሬም መነጽራቸውን ትቶላቸው እንደሆን ጠይቀው።"