ለገድሉ ጆሮ ብቻ

ገድሉ ዕቃ መምረጥ ያውቃል ይባላል። ዓባይ ማዶ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን የሚገዛ፣ የውኃ ፓምፕ የሚለውጥ፣ ለልጁ ስልክ የሚያስመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው እሱን ነው። በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ኤሌክትሪሻን ነውና እሱ «ይኼ ይሻልሃል፤ ያኛው ላዩ ነው የሚያምረው» ካለ ክርክሩ አለቀ። ለምክሩ ሳንቲም አይቀበልም። የሚቀበለው ምስጋና ነው፤ እሱንም ቢሆን እንደ ደመወዝ ቀን ቆጥሮ ይጠብቃል። ሚስቱ ሥርጉት፣ ሰው ሳያመሰግነው የዋለ ቀን እራት አይወርድለትም እያለች ትስቅበታለች።

እንግዲህ ይህ የተመሰገነ ሰው ነው አንዲትን አሮጊት ስምንት ቀን ሙሉ ሌባ ሆነው እንዲከርሙ ያደረገው። ችግር አስገድዶት ቢሆን ባልከፋ። አልተቸገረም።

ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ ሠሪዎች በሚኖሩበት መንደር፣ ኢስሀቅ የሚባል ወዳጅ አለው። ኢስሀቅ እንደ አባቱና እንደ አያቱ ጀልባ ይሠራል። እናቱ እማማ ሐቢባ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ገና ሙሽራ ሳሉ፣ በደርግ ዘመን፣ የባላቸው አባት ሐጂ ኢድሪስ ቤት ለቤት ፍተሻ ሊመጣ ነው ሲባል ሰምተው የቤቱን ጠገራ ብር በማሰሮ ጓሮ ቀበሩት። አፈሩን በቅርጫት ያመላለሱት ሐቢባ ብቻ ነበሩ። ምልክቱ ትልቅ የሾላ ዛፍ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሐጂው ሞቱ፤ ሾላው ወደቀ፤ ሐይቁም አንድ ክረምት ሞልቶ ግቢውን ደለል አለበሰው። ማሰሮው ቢፈለግ ቢፈለግ ታጣ።

ይህን ጊዜ የሐጂው ልጅ ፈይዛ፣ የወንድሟ ሚስት ሐቢባ ማሰሮውን አውጥታ በልታዋለች ብላ ተነሣች። ማስረጃዋ አንድ ብቻ ነው። ሐቢባ የቤታቸውን ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ የለወጡት ማሰሮው በታጣበት ዓመት ነው። ይህችን ማስረጃ ሠላሳ ዓመት በየሰርጉና በየለቅሶው ይዛት ዞራለች። ሐቢባ አንድ ጊዜ፣ ቆርቆሮው ባላቸው ዓሣ ነግደው ያመጡት ነው ብለው መለሱ፤ ከዚያ ወዲህ አልመለሱም። ፈይዛ በተቀመጠችበት ማዕድ ግን እጃቸውን አይዘረጉም።

ዘንድሮ ግቢው ለመንገድ ተፈለገና ዘንዘልማ ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ሐቢባ ልጆቻቸውን አንድ ነገር ለመኑ፤ ማሰሮው ይፈለግ። ብሩን ለማንም ስጡት፣ ብቻ ሰው ሁሉ በዓይኑ ይየው አሉ።

ጂዳ የሚሠራው ሁለተኛው ልጃቸው ሙኒር፣ ሰው የወርቅ መፈለጊያ የሚለውን ማሽን እልካለሁ አለ። የሁለት ዓይነት ማሽን ፎቶ በቴሌግራም ላከና የትኛው እንደሚሻል ገድሉን ጠይቁልኝ አለ። ማን ሌላ ይጠየቃል?

ገድሉ ሦስት ሳምንት አጠና። ከሥራ እየመጣ ቪዲዮ ሲያይ ያመሻል፤ ሥርጉት ወጡ ቀዘቀዘ ብላ ትጠራዋለች። የመጀመሪያው ማሽን ስክሪን አለው። ከመሬት በታች ያለው ብረት ይሁን ብር በቁጥር ያሳያል፤ በድምፅ ማጉያውም ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ይጮኻል። ማንም ቢይዘው ይገባዋል። ሁለተኛው ስክሪን የለውም። የሚናገረው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው፤ ለብረት ያጉረመርማል፣ ለብር ቀጭን ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል። ሁለቱም እስከ ክንድ ጥልቀት ይደርሳሉ። እንግዲህ ያ ግቢ የሦስት ትውልድ የጀልባ ምስማር የረገፈበት ነው፤ እርምጃ በተራመዱ ቁጥር ብረት አለ። ለእንዲህ ያለ መሬት ስክሪን ያለው እንደሚሻል ገድሉ አሳምሮ ያውቃል። በማስታወሻ ደብተሩ ላይም ጽፎታል።

ለሙኒር የላከው የድምፅ መልእክት ግን ሌላ ነበር። ሐይቅ ዳር ነፋስና ማዕበል ስላለ ድምፅ ማጉያው አይሰማም፤ በማዳመጫ የሚሠራው ይግባ አለ።

ያን ጊዜ ልትሰርቅ አስበህ ነበር ወይ ቢባል፣ አላሰብሁም ይላል። ለራሱም አልነገረውም። ሰው እንዲህ ነው፤ በሩን ክፍት ይተወዋል እንጂ እገባለሁ አይልም። ነገር ግን ማንም ሳይሰማ እሱ ብቻ የሚሰማበትን መሣሪያ የመረጠ ጣት የማን ጣት ነው?

ማሽኑ መጣና በአንድ እሑድ ፍለጋው ተጀመረ። ገድሉ ግቢውን በጀልባ ገመድ እየከፋፈለ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ የማሽኑን ክብ ሰሐን መሬት ለመሬት እያወዛወዘ ሄደ። ኢስሀቅ አካፋ ይዞ ይከተለዋል። ፈይዛ በተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘመድ ሁሉ እንዲያይ ያስጠሯት ሐቢባ ራሳቸው ናቸው። እሳቸው አልተቀመጡም። ገድሉ በቆመ ቁጥር ይቆማሉ።

ብዙ ጊዜ ቆሙ፤ ብዙ ምስማር ወጣ። ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ የዓሣ ማድረቂያው ቆጥ ከተተከለበት አጠገብ፣ ማዳመጫው ውስጥ ያ ቀጭን ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። ገድሉ ሰሐኑን መለሰው። ተሰማ። ከሌላ ወገን መጣበት። ተሰማ።

ኢስሀቅ ምን አለ ብሎ ጠየቀው።

«ምስማር ነው» አለ ገድሉ። ፊቱ አልተለወጠም። «እሱም ቀጭን ምስማር ነው። እለፈው።»

አለፉት። ግቢው አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። ፈይዛ ከጀልባው ላይ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና «አይ ሐቢባ» አለች፣ «እኔስ ሰው ነኝ እሳሳታለሁ። ማሽንም መሰከረብሽ።»

ገድሉ ሐቢባ እንዲመልሱላት ፈልጎ ነበር። ቢቆጡ፣ ማሽኑን ቢረግሙ ይቀለው ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጓዳ ገብተው የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡለት። ዓሣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሰሐን የሚያነሣው ምግብ ነው፤ በዚህ ቤት ከኢስሀቅ ጋር ስንት ዓመት በልቶታል። «ደክመሃል ልጄ፤ እሾኹን እያየህ ብላ» አሉት። በላ። ያውም ጨረሰው።

የመንደሩ ወንዶች አርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ መስጊድ እንደሚሄዱ፣ ሐቢባም በዚያ ሰዓት ኢስሀቅ ቤት እንደሚውሉ ገድሉ ያውቃል። አርብ ዕለት ለአለቃው ራሴን አሞኛል ብሎ ወጣ። በባጃጅ መጥቶ ከመንደሩ በፊት ወረደ። በቦርሳው ውስጥ መኮትኮቻ ይዟል።

ግቢው ሲገባ ግን ደነገጠ። መሬቱ ሁሉ ተቆፋፍሯል። ሾላው ነበረ በሚባልበት ቦታ ዙሪያ፣ በቤቱ ጀርባ፣ በጀልባው ሥር፣ በየቦታው ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል፤ አፈሩ በየጎኑ እንደ ጉንዳን ኩይሳ ተቆልሏል። በበሩ መቃን ላይ እጀታው በጨርቅ የተጠመጠመ መቆፈሪያ ተደግፏል። ጨርቁ ደም ነክቶታል። እጃቸውን እንዳይቆረቁራቸው ነበር የጠመጠሙት፤ አላዳናቸውም። ሐቢባ ከሰኞ ጀምረው ብቻቸውን ሲቆፍሩ ነበር። አንደኛው ጉድጓድ ማሽኑ ያን ድምፅ ካሰማበት ቦታ ሁለት እርምጃ አይርቅም።

ገድሉ ይህን አይቶ ተመለሰ? አልተመለሰም። ተንበርክኮ ቆፈረ። እስከ ክርኑ ሲደርስ የማሰሮው አፍ ተሰበረና ጣቱ ቀዝቃዛ ብር ነካ። እዚያ ላይ ነው እጁ ያልታዘዘው። አንዱን ጠገራ አወጣው፣ አየው፣ በጨርቅ ወደተጠመጠመው እጀታ ዞሮ አየ፣ መልሶ ከተተው።

እሺ፤ መልሶ መክተቱ ደግ ነው። ታዲያ ማሰሮውን አውጥቶ ደጃቸው ላይ ቢያስቀምጠውስ? በዚያው ቁጭ ብሎ ቢጠብቃቸውስ? ገድሉ ይህን አላደረገም። አፈሩን መለሰ፣ በእግሩ ደለደለው፣ ላዩን በቅጠል ጠረገው። እሑድ ማሽኑን አስተካክያለሁ ብሎ ይመጣል፤ ያገኘዋል፤ ይመሰገናል። ከስርቆቱም ላይ ምስጋና ሊቆርጥ ነው እንግዲህ! እንዲህ ያለውን ሰው አንገቱን ይዞ መነቅነቅ ነበር፤ የነቀነቀው ግን አልነበረም።

እሑድ እንዳሰበው ሆነ። ለኢስሀቅ፣ የማሽኑ ማስተካከያ ተዛብቶ ነበር አለው። ፈይዛም ዳግመኛ ተጠራች። ትንሽ ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ ከማድረቂያው ቆጥ አጠገብ ቆመና እዚህ ቆፍሩ አለ። ኢስሀቅ ቆፈረ። ማሰሮው ወጣ።

ፈይዛ መጀመሪያ ማሰሮውን፣ ቀጥላ የወንድሟን ሚስት አየች። ከዚያ መሬት ላይ ተደፍታ የሐቢባን እግር ያዘች። ድምፅ አልወጣትም። ሐቢባ ጎንበስ ብለው ራሷን ዳበሱ፤ ከዚያም አንድ ጠገራ አንሥተው ወደ ገድሉ መጡ። እጁን ዘረጉና መዳፉ ላይ አኖሩለት። ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ እንዲህ አሉት፦

«እኔ የቆፈርሁትን ሁሉ ክፍት ነው የተውሁት። ይኼን የደፈንሁት እኔ አይደለሁም።»

ገድሉ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ያዘው» አሉ። «ልጆች አሉህ። ስም ሲጠፋ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።»

ይህን ብለው ዞር አሉ። በቃ፤ ተሸፈነለት። ሰው ሁሉ እያመሰገነው ነበር፤ ኢስሀቅ ትከሻውን እየመታ ከዓባይ ማዶ እስከ እንፍራንዝ እንዳንተ ያለ ባለሙያ የለም ይላል። ገድሉ ሃያ ዓመት ሲመኘው የኖረው ምስጋና ይህ ነበር። እጁን ጨብጦ ብሩን መያዝ ብቻ ነው የቀረው። ጣቶቹ አልታጠፉ አሉ።

«ባለፈው እሑድም ሰምቼዋለሁ» አለ።

ኢስሀቅ አልገባውም። ምኑን አለ።

«ብሩን። እዚሁ ቦታ። ምስማር ነው ብዬ ዋሸሁ። አርብ መጥቼ ቆፈርሁት፣ መልሼ ቀበርሁት።»

ኢስሀቅ አልተሳደበም። ማዳመጫውን ከገድሉ አንገት ላይ ወሰደና በራሱ ጆሮ ላይ አደረገው። ያን ጠገራ ከገድሉ መዳፍ አንሥቶ አፈር ላይ ጣለ፤ የማሽኑን ሰሐን በላዩ አሳለፈ። ቆመ። እንደገና አሳለፈ።

«እንዲህ ጥርት ብሎ ነው የሰማኸው?»

«አዎ።»

ኢስሀቅ ማዳመጫውን አውልቆ ጀልባው ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ገድሉ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ያስቆመው የለም።

አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ፈይዛ ናት፤ እያለከለከች ነው። ልትሰድበኝ ነው ብሎ ጠበቃት። እሷ ግን አጠገቡ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አንተ ስምንት ቀን ነው ዝም ያልህባት» አለች። «እኔ ሠላሳ ዓመት ተናግሬባታለሁ።»

ገድሉ ይህን ሲሰማ ደረቱ ቀለል አለው፤ ከእሱ የባሰ በደለኛ ተገኘ። ይህ እፎይታ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባውና እስካሁን ካፈረው ሁሉ የበለጠ አፈረ።

ፈይዛ ወደ መንደሩ እያየች፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ የሐቢባ እግር ላይ ወድቄ ብቻ ወጣሁ አለች፤ ብቻዬን ተመልሼ መግባት አቃተኝ አለች።

ባጃጅ መጥቶ ቆመ፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ዓባይ ማዶ ነው ወይ አላቸው። ገድሉ እሱም ይቅርታ ሳይል መውጣቱን አሰበ፤ አይደለም ብሎ ሸኘው። ሁለቱ አብረው ወደ ሐይቁ ተመለሱ። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ እሷም ቆመች፣ እሱም ቆመ፤ ማናቸውም ቀድሞ መግባት አልደፈረም።